የጆሮ ስስት

የእህቴ ባል የሚሠራው መነጽር ቤት ነው። ደንበኛውን ጨለም ባለችው የኋላ ክፍል ከፍ ያለ ወንበር ላይ ያስቀምጥና ያን ከባድ የመመርመሪያ መነጽር አፍንጫው ላይ ይጭንበታል። ከዚያ አንድ መስታወት ያስገባል፣ ያወጣል፣ ሌላ ያስገባል። በመካከሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«አንደኛው ይሻላል ወይስ ሁለተኛው?»

«እስቲ አንደኛውን ድገመው።»

«ይኸው። አሁንስ?»

«አሁን እንኳ ሁለተኛው መሰለኝ።»

እንዲህ እያሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ፊደላት ጥርት ሲሉ ነገሩ ያልቃል። ደንበኛው መነጽሩን አጥልቆ ይሄዳል፤ ጋዜጣውን ያነባል፣ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል፣ የልጅ ልጁን ፊት ያያል። ስለ መነጽሩ ዳግመኛ አያስብም። የተባረከ ሥራ ነው። ትምህርት ቤት ሳልጠግብ ወጥቼ በራሴ ጥረት የያዝኩትን ንባብ እስከ ዛሬ ያልተውኩት እሱ በሰጠኝ መነጽር ነውና ምስጋናዬን አልነፍገውም።

ከዚህ በላይ ግን ምስጋና የለኝም፤ ምክንያቱም ይህ ሰው ማታ የሥራ ጋዋኑን ሲያወልቅ ጥያቄውን አብሮ አያወልቅም። ቤቱ ይገባና በገዛ ጆሮው ላይ ይጀምራል። አንደኛው ይሻላል ወይስ ሁለተኛው? የቤቱ ግድግዳ ላይ ፊደል የለም። ስለዚህ ጥርት የሚልበት ቀን አይመጣም።

ጓደኞቹ «ጆሮ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። እሱ እንደ ማዕረግ ነው የያዘው።

ሳሎኑን ላሳያችሁ። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ሰው የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች ዘብ እንደቆመ ወታደር ይቀበሏችኋል። ለእነሱ ሲባል የምግብ ጠረጴዛው ኮሪደር ወጥቷል፤ ቤተሰቡ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚበላው። ምንጣፉ ወለሉን ትቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ድምፁ እንዳይነጥር ነው ይላል። ከመሐል አንዲት ወንበር አለች። እግሮቿ የሚያርፉበት ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ተደርጎበታል፤ እህቴ ጠርጋ ስትመልሳት በጣት ስፋት ካዛነፈቻት ወዮላት። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጥባትም ይህችው ወንበር ናት። የተቀመጠ ደግሞ ሳይፈተን አይነሳም።

አንድ ቀን እኔንም አስቀምጦኝ ሲያቀያይር ቆየና ጠየቀኝ። እውነቱን ተናገርኩ።

«ሁለቱም አንድ ናቸው።»

«ጋሼ» አለኝ አዝኖልኝ፣ «ጆሮዎን ታጥበው ይምጡ።»

እንደሱ ያሉ ብዙ ናቸው። ስልካቸው ላይ ቡድን አቋቁመዋል፤ የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። ከመካከላቸው ዕቃ ገዛሁ የሚል የለም፤ «ተቀበልኩ» ነው የሚባለው። ሸጥኩ ማለት ደግሞ ጭራሽ ነውር ነው፤ «ሸኘሁ» ይላሉ። «ያን አምፕሊፋየር እኮ ሸኘሁት» ይላል አንዱ፣ ከቀብር እንደተመለሰ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሐዘኑ ግን ሌላ ሳጥን በር ላይ እስኪደርስ ነው። ሳጥኑ ሲመጣ ሐዘንተኛው መቀስ ፍለጋ ይሮጣል።

ለምን እንደሚያደርጉት ብዙ አስቤበታለሁ። ሙዚቃ ወደው እንዳይመስላችሁ። ሙዚቃ የሚወድስ የእህቴ ጎረቤት ልብስ ሰፊው ነው፤ በተሰነጠቀች ሬዲዮው የሚወደው ዘፈን ሲመጣ የስፌት መኪናውን አቁሞ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሲያልቅ ስፌቱን ይቀጥላል። እነዚህ ግን ዘፈኑ መጣፈጥ ሲጀምር ያቋርጡታል፤ ገመድ ቀይረው ከመጀመሪያው ያስነሱታል። የሚወዱት ሳጥን መክፈቱን ነው። አዲሱ ዕቃ የአሮጌውን እንከን ያሳያቸዋል፣ ለጥቂት ቀን ፊታቸው ይበራል፣ ከዚያ ጆሮ ይለምዳል፤ የለመደ ጆሮ ደግሞ ያኮርፋል። ጉድለቱ ዕቃው ውስጥ ላይሆን ይችላል ብሎ የሚናገር አንድ ደፋር የላቸውም። ከመካከላቸው አንዱ «ይበቃኛል» ቢል ማኅበሩ በማግስቱ ይፈርሳል፤ ተቀባይ ከጠፋ ሸኚ የለምና። ስለዚህ አንዱ ያኮረፈበትን ሌላው እንደ ስጦታ ይቀበለዋል፣ እሱም በተራው እስኪያኮርፍበት ድረስ።

«እኔ እኮ አላባከንኩም» ይላል የእህቴ ባል። «እያዞርኩት ነው።»

እውነቱን ነው። ያዞረዋል። እሱም አብሮ ይዞራል። እኔ አንድ መጽሐፍ ሽፋኑ እስኪገነጠል ደጋግሜ የማነብ ሰው ነኝና እነዚህን ሰዎች መናቅ ለእኔ ቀላል ነው። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ቀላልነቱን ወድጄዋለሁ።

ዕቃ ሁሉ መፈተኛ ይፈልጋል። የጆሮ መፈተኛ አንዲት ካሴት ነበረች።

ካሴቷ ላይ ያለችው እናታችን ናት። የእህቴ ልጅ ሕፃን ሳለች እናታችን ከእነሱ ጋር ነበር የምትኖረው፤ ልጅቷን የምታስተኛት ራሷ በፈጠረችው እሹሩሩ ነበር። አንድ ቀን እህቴ የወጥ ቤቱን ቴፕ ከፍታ ድምፅዋን ቀረጸችው። እናታችን ካረፈች በኋላ እህቴም እኔም ካሴቷን የምንሰማበት አንጀት አጣን። መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠች። ጆሮ ግን አንጀት አላነሰውም፤ አወጣት።

ምክንያቱ «ስ» ነው። እንደነሱ አባባል መጥፎ ዕቃ በ«ስ» ይታወቃል፤ ወይ እንደ እባብ ያፏጫል፣ ወይ እንደ አሸዋ ይሻክራል። የእናታችን እሹሩሩ ደግሞ በ«ስ» የታጨቀ ነበር፤ ልጅቷን የምትጠራት «ስስቴ» እያለች ነውና። ቃሉ ይገርመኛል። ሰው የሚሳሳለትንም ስስት ነው የምንለው፣ በልቶ አለመጥገብንም ስስት ነው የምንለው። እናታችን የመጀመሪያውን ተናገረች። አማቿ የሰማው ሁለተኛውን ነው።

«እንዲህ ያለ ስ የትም አይገኝም» ይል ነበር።

ስለዚህ አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር እናታችን ከመሳቢያ ትወጣለች። «ስስቴ» ትላለች። ያቆሟታል። ወደ ኋላ ትጠቀለላለች። እንደገና «ስስቴ» ትላለች። እህቴ ያን ጊዜ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ትከፍታለች።

ዘንድሮ ያቺው «ስስቴ» ራሷ ወለደች፤ ሴት ልጅ። ፈጣሪ ይመስገን፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። አራሷ ልትታረስ እናቷ ቤት መጣች። ሕፃኗ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ቀኑን ሙሉ ትጮኻለች። እኔ ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት የእህቴ ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ እየተመላለሰች ታዜማለች። ዜማው የእናታችን ነው። ቃል ግን የለውም፣ «እም፣ እም» ብቻ።

«አጎቴ፣ ቃሉን ታውቀዋለህ?» አለችኝ። «ዜማው ሰውነቴ ውስጥ ቀርቷል። ቃሉ ግን አንድም የለኝም።»

እኔ ሌላ ከተማ እሠራ በነበረበት ዘመን የሆነ ነገር ነው፤ አላውቀውም። ወደ እናቷ ዞረች።

«መጀመሪያውን አውቀዋለሁ» አለች እህቴ። «ከዚያ ወዲያ ይጠፋብኛል። ካሴቷ አለች አይደል?»

«በቃ እንስማት። አባዬ፣ አምጣልኝ። ለዚህች ልጅ ከአያቴ የማወርሳት ሌላ ምንም ነገር የለኝም።»

ጆሮ ሳሎን ገባ። መሳቢያ ሲከፈት ሰማን። ከዚያ ሌላ መሳቢያ። ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያው እንደገና። ወደ ሸክላ ማጫወቻ ከዞረ ቆይቶ ነበርና ከካሴት ጋር ከተለያዩ ሰንብተዋል። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማጫወቻውን ስሸኘው...» አለ።

«ስትሸኘው?» አለች እህቴ።

«ሳላወጣት የቀረሁ መሰለኝ። ዶክተሩ ሊወስደው ሲመጣ በእሷ ነበር ያሰማሁት።»

እህቴ የሕፃኗን ልብሶች እያጣጠፈች ነበር። የያዘችውን አጥፋ ጨረሰች፣ ከሌሎቹ ላይ አስተካክላ አኖረችው።

«እኔ እናቴን አንድ ጊዜ ሸኝቻታለሁ» አለች። «አልቅሼ፣ ከዘመድ ከወዳጅ ጋር ቆሜ። አንተ ደግሞ በሳጥን ሸኘሃት።»

«አገኛታለሁ። ዛሬውኑ።»

«ወንድምዬ፣ አብረኸው ሂድ» አለችኝ። «ብቻውን ከሄደ ሌላ ሳጥን ተሸክሞ ነው የሚመጣው።»

ዶክተሩ ከማኅበሩ አንዱ፣ ጥርስ ሐኪም ነው። ክሊኒኩ ስንደርስ አንድ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል፤ ሐኪሙ መሰርሰሪያውን ይዞ አጎንብሶበታል። ጆሮ በበሩ አንገቱን አስገባ።

«ያ ማጫወቻ አለ?»

«የቱ?» ሐኪሙ ቀና አላለም።

«የካሴቱ።»

«እሱንማ ሸኘሁት። ወፍራሙ ድምፅ ይጎድለዋል።»

«እኔ ቤት አልጎደለውም።»

«ያንተ ቤት ወለል እንጨት ነዋ።»

«ሲሚንቶ ነው።»

«ለዚያ ነዋ።»

የተጋደመው ሰውዬ «አአ» አለ። ማንም አልመለሰለትም።

«ዶክተር፣ ውስጡ የነበረችው ካሴትስ?» አልኩ እኔ።

«ከነዕቃው ነው የሄደችው፤ ያ የሆቴል ሒሳብ ሹም ጓደኛችን ጋ። ግሩም ካሴት ናት። ሴትዮዋ ዘፋኝ ናቸው?»

«እናቴ ናት። አርፋለች።»

ሐኪሙ መሰርሰሪያውን አጥፍቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ነፍስ ይማር የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

«በምን ማይክሮፎን ነው የቀረጿቸው?» አለኝ።

የሒሳብ ሹሙ ሳሎን ከጆሮ ሳሎን ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው፤ ሁለቱ ዘቦች፣ ምንጣፍ የለበሰው ግድግዳ፣ ፕላስተር የተለጠፈባት ወንበር። ሰውየው ጎንበስ ቀና ብሎ ተቀበለን። ለምን እንደመጣን ሳንናገር ጆሮን ወንበሯ ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ተጫነ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።

እናታችን መጣች።

ስስቴ ተኚልኝ፣ ስስቴ ስስቴ፣
ፈጣሪ አይለይሽ ከደጅ ከቤቴ።

ድምፅዋን የማስታውስ ይመስለኝ ነበር፤ የማስታውሰው ግን የታመመችበትን ዘመን ነበር። ይኼኛው ጤነኛ ነው። ሳቅ ያለበት ነው።

ሒሳብ ሹሙ አቆማት።

«ሰማኸው?»

«ለስልሷል» አለ ጆሮ። «ገመድ ቀየርክ እንዴ?»

«ቀየርኩ።»

«እስቲ መልሳት።»

መለሳት። እናታችን እንደታዘዘች ልጅ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሁለቱ ሰዎች አንገታቸውን እንደ ዶሮ ወደ አንድ ጎን አዘንብለው «ስ» ይለቅማሉ። የመረቀችውን ምርቃት አንዳቸውም አልሰሙም፤ እኔ ግን በሩን ተደግፌ አሜን አልኩ።

«ይቀጥል» አልኩ። «እስከ መጨረሻው።»

ሒሳብ ሹሙ ግራ ገባው። «መጨረሻውን ማን ይሰማል? ደግሞም መጨረሻ የላትም። ዕቃው መቅረጽ ይችል እንደሆነ ለማየት ትንሽ ቀረጽኩባት።»

ጆሮን አየሁት። አሁን ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ። የሚስቱ እናት ናት፤ ልጁ ቤት ሆና እየጠበቀች ነው።

«ጥርት አድርጎ ቀረጸ?» አለ ጆሮ።

እየቀለደ አልነበረም። ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ያን ጊዜ ይህን ሰው የናቅሁትን ያህል በዕድሜዬ ማንንም ንቄ አላውቅም፤ እንደገና ይቅር ይበለኝ።

ካሴቷን እንደምንወስድ ለሒሳብ ሹሙ ነገርኩት። ቅር አለው።

«ታዲያ እኔ በምን ልፈትሽ?»

«ያንተ እናት የሉም?» አልኩት።

«አሉ። ግን ድምፃቸው ወፍራም ነው። ስ የላቸውም።»

ካሴቷን ራሴ አውጥቼ የደረት ኪሴ ከተትኩ። ደረጃውን ወርጄ ዞር ስል ጆሮ ዘግይቷል። ብቅ ሲል ብብቱ ሥር ሳጥን ይዟል።

«አምፕሊፋየር ነው፤ ለማሳደር ብቻ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። «አልተቀበልኩትም።»

ቤት ስንደርስ ሌላ ጉድ ጠበቀን። ያ ሁሉ ብረት በተደረደረበት ሳሎን አንዲት ካሴት የሚያጫውት ዕቃ አልነበረም። ሁሉም ተሸኝቷል። እህቴ ወጥ ቤት ገባችና ከቁም ሳጥን ላይ ያንኑ አሮጌ ቴፕ አወረደች። የእናታችንን ድምፅ የቀረጸው ይኸው ቴፕ ነው። ክዳኑ ስለማይዘጋ በላስቲክ ታሰረ። ኮሪደሩ ላይ የተሰደደው የምግብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነውና ዙሪያውን ተቀመጥን። አራሷ ሕፃኗን እንደታቀፈች ቁልፉን ተጫነች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች መጡ። እህቴ ጠረጴዛውን በጣቷ ትዳስሳለች። ከዚያ እሷ እንኳ የረሳችው መጣ።

እንቅልፍሽ ይጣፍጥ፣ ሌሊቱ ይለስልስ፣
እኔ እጠብቅሻለሁ ንጋት እስኪደርስ።
ስታድጊ ስስቴ...

ቀጭ አለ። ከዚያ የወንድ ድምፅ፤ «አንድ፣ ሁለት። አንድ፣ ሁለት።» ከዚያ ባዶ ካሴት የሚያሰማው ረጅም «ሽሽሽ»። የእህቴ ልጅ ጠበቀች። ካሴቷን ወደ ፊት አሳለፈቻት። ሌላ ምንም የለም።

«ስታድጊ ስስቴ ብላ ነው የተወችኝ?» አለች። ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ አንተ ስንት ጊዜ ሰምተሃታል። ከዚህ በኋላ ምን ትላለች?»

ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሁላችንም አፉን እናያለን። በዓለም ላይ ይህን እሹሩሩ ከእሱ አብልጦ የሰማ ሰው የለም። ጥያቄው አንድ ስንኝ ነው።

«ከዚህ በኋላ» አለ በመጨረሻ፣ «ክዳን ይወድቃል።»

«ምን?»

«የድስት ክዳን። በግራ በኩል። ይነጥርና እየዞረ ይቆማል። ከዚያ እማማ ትስቃለች፣ ትንሽ፣ በአፍንጫዋ። ከዚያ ቃል አለ፤ መጨረሻው ቅ ነው። ቅ ደግሞ ለመፈተኛ አይሆንም።»

የእህቴ ልጅ ዓይኗ በእንባ ተሞላ። ልናገረው አፌን ከፈትኩ። ያዘጋጀሁት ቃል ጥሩ አልነበረም። እህቴ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «ክዳኑን የጣልኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን ቀሰቀስሽብኝ ብላ የምትቆጣኝ መስሎኝ በድንጋጤ ቆሜ ቀረሁ። ሳቀች። ዜማውን ሳታቋርጥ እኮ ነው ያሾፈችብኝ።»

እያለቀሰችና እየሳቀች አዜመችው።

ስታድጊ ስስቴ፣ ስትሆኚ ትልቅ፣
ክዳን እንደ እናትሽ ከእጅሽ አይውደቅ።

«ይህችው ናት» አለች። «በዚህ ነው የሚያልቀው።»

የእህቴ ልጅ ከት ብላ ሳቀች። «አያቴ ተረበኛ ነበረች ማለት ነው?»

«ምን ተረበኛ፣ ጠላት ነበረች።»

ለጆሮ ክብር ሰጥቼ እንዳይመስላችሁ። ቃሉ ሁሉ አልፎት ኳኳታው የቀረለት ሰው ነው። ፈጣሪ ግን በኳኳታም ይሠራል፤ ያን ቀን ዓይቻለሁ።

«ብረት ነበር ወይስ ኢናሜል?» አለ ጆሮ።

«ምኑ?»

«ክዳኑ። ከሒሳብ ሹሙ ጋር ስንከራከርበት ነበር።»

«አባዬ፣ ና ያዛት» አለች ልጁ፣ ሕፃኗን ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት። «በሁለት እጅህ። እንዲህ።»

ያዛት። ሁለቱም እጆቹ ተያዙ፤ የሚነካው ቁልፍ፣ የሚያዞረው ነገር የለም። ከጠረጴዛውና ከግድግዳው መካከል እንደቆመ የእህቴ ልጅ አጠገቡ ቆማ ከመጀመሪያው ጀመረች። ከደጅ ከቤቴ አለች። ንጋት እስኪደርስ አለች። ክዳኑ የሚወድቅበት ቦታ ስትደርስ እህቴ ጠረጴዛውን በጣቷ መታ አደረገች። አቁሚ የሚላት፣ ድገሚ የሚላት አልነበረም። እስከ መጨረሻው ሰማት። መስማት ስለነበረበት ነው ልበል፤ ምርጫ አልነበረውም።

ሕፃኗ አፏን ከፍታ ተኛች።

«ማቀዝቀዣው ይጮኻል» አለ ጆሮ በሹክሹክታ።

«ዝም በል አባዬ።»

ዝም አለ። ጫማዬን ይዤ በእግር ጣቴ እየተራመድኩ ወጣሁ። በሩ ሥር ያ ሳጥን አደናቀፈኝ። ገና አልተከፈተም ነበር።